ወንድሜ በስሜ ፈርሞ መሬቴን አከራየው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የሞረትና ጅሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሁለት ልጆቻቸውን ለማስተማር ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተው መኖር ከጀመሩ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። እነዋሪ አጠገብ ያለውን መሬት ታላቅ ወንድማቸው በእኩል እንዲያርሰው በቃል ተስማምተው፣ የይዞታ ደብተሩንም እሱ ዘንድ አስቀምጠው ሄዱ። ዘንድሮ ስንዴውን ሊያዩ ቢወርዱ ማሳው ላይ ሌላ ገበሬ አገኙ። ገበሬው የአምስት ዓመት የኪራይ ውል አውጥቶ አሳያቸው፤ ከግርጌው የእሳቸው ስምና ፊርማ አለበት፣ ኪራዩም በአንድ ጊዜ ተከፍሎ አልቋል። «ጋሼ ከአባታችን ቀጥሎ ያሳደገኝ ነው፤ እንዲታሰርብኝ አልፈልግም። ሽማግሌዎቹ ከገንዘቡ ተካፍላችሁ ነገሩን ቅበሩት ይሉኛል። እኔ ስሜን ፊደል በፊደል ነጣጥዬ ነው የምጽፈው፣ ውሉ ላይ ያለው ግን የተቀጣጠለ ነው። ደብተሩም እስካሁን እሱ ጋ ነው። ምን ላድርግ?» ይላሉ።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ከዚያ ገንዘብ አንድ ብር እንዳይቀበሉ። የሽማግሌዎቹ ሐሳብ ይገባኛል፤ ቤተ ዘመድ እንዳይፈርስ ብለው ነው። ነገር ግን ከሰሙት ምክር ሁሉ የሚጎዳዎት ይኸው «ተካፈሉ» የሚለው ነው። ዛሬ ያ ፊርማ የእርስዎ አይደለም። ከኪራዩ ድርሻ የተቀበሉ ዕለት ግን ተከራዩ «ውሉን ካላወቀችው ገንዘቡን ለምን ወሰደች?» ይላል፤ ዳኛውም ይህንኑ ይጠይቅዎታል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2190 ጀምሮ እንደተደነገገው፣ አንድ ሰው ከተሰጠው ሥልጣን አልፎ በሌላ ሰው ስም ሲዋዋል ስሙ የተጠራው ሰው ውሉን ሊያጸድቀው ወይም አልቀበልም ሊል ይችላል። የእርስዎን ጉዳይ የሚያይ ፍርድ ቤትም ነገሩን በዚህ ደንብ ሊመዝነው ይችላል። ማጽደቅ ደግሞ በጽሑፍ ብቻ አይገለጥም። ገንዘብ መቀበል፣ አውቆ ረጅም ጊዜ ዝም ማለት፣ ሰው በተሰበሰበበት «እሺ፣ ይረሰው» ማለት ሁሉ እንደ ማጽደቅ ሊቆጠርብዎት ይችላል።

ሁለት ነገር ተደባልቆብዎታል፤ አንዱ ውሉ ነው፣ ሌላው ወንድምዎ። ውሉን መካድ ማለት ወንድምን መክሰስ ማለት አይደለም። ውሉን በዚህ ሳምንት በጽሑፍ ይካዱት። የወንድምዎ ነገር ጊዜ ሊሰጠው ይችላል፤ በእርቅ ያልቅ እንደሆነ፣ ወደ ሕግ ይሄድ እንደሆነ ቀስ ብለው፣ ልብዎ ሲረጋ ይወስናሉ። በእኛ አካባቢ የማየው ችግር ሰው ሁለተኛውን እስኪወስን ድረስ ከመጀመሪያው መዘግየቱ ነው። ወንድሙን እያዘነለት ዝም ይላል፤ አንድ መኸር ያልፋል፣ ሁለተኛው ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ «አላውቅም ነበር» ቢል የሚሰማው የለም።

የሕጉ መሠረት ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1678 መሠረት ውል እንዲጸና ተዋዋዮቹ ፈቃዳቸውን ሊሰጡ ይገባል። እርስዎ ፈቃድ አልሰጡም። የገጠር መሬት ሲሆን ደግሞ ነገሩ የበለጠ ጥብቅ ነው፤ ከፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997 ጀምሮ የመሬት ኪራይ ውል በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸውን ሁሉ ስምምነት ማግኘትና ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ ጸድቆ መመዝገብ እንዳለበት ተደንግጓል። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል፤ በክልላችን በአማራ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 252/2009 አለ። ስለዚህ እነዋሪ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄደው «በዚህ ይዞታ ላይ የተመዘገበ የኪራይ ውል አለ ወይ?» ብለው በማመልከቻ ይጠይቁ። ካልተመዘገበ ተከራዩ የያዘው ወረቀት ከመነሻው ትልቅ ጉድለት አለበት። ከተመዘገበ ደግሞ ባለይዞታዋን ሆኖ ቀርቦ የፈረመ ሰው አለ ማለት ነው፤ በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭና የቀረበውን መታወቂያ ኮፒ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ደብተሩ ላይ የባለይዞታ ፎቶግራፍ እያለ ማን ቀርቦ ማን ተቀበለው የሚለው ጥያቄ ለእነሱም ከባድ ስለሚሆን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ማመልከቻዎ መዝገብ ቤት የገባበትን ቁጥርና ቀን ሳይዙም አይውጡ።

አንድ ነገር ራስዎን በሐቅ ይጠይቁ፤ ደብረ ብርሃን ሲገቡ ለወንድምዎ ውክልና ሰጥተውት ነበር? ብዙ ሰው «ሁሉን ነገር እንዲጨርስልኝ» ብሎ ጠቅላላ ውክልና ይሰጥና ይረሳዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየትን እንደ አስተዳደር ሥራ ይጨምራል። ሰጥተው ከሆነ ዛሬውኑ ይሻሩት፣ መሻሩንም ለእሱ፣ ለተከራዩና ለወረዳው ያሳውቁ። እንደዚያም ሆኖ አምስት ዓመት ከሥልጣኑ በላይ ነው፤ ወኪልም ቢሆን በራሱ ስም «ስለ እሷ» ብሎ ይፈርማል እንጂ የእርስዎን ፊርማ አስመስሎ አይጽፍም።

አሁን ደብዳቤው። ረጅም አያድርጉት፤ ስድብም ምሬትም አይግባበት። እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «በእነዋሪ አካባቢ በስሜ የተመዘገበውን መሬት ለማከራየት በዚህ ቀን ተጻፈ በተባለው ውል ላይ የሰፈረው ፊርማ የእኔ አይደለም። በስሜ እንዲፈርም ለማንም ፈቃድ አልሰጠሁም። ከኪራዩ ገንዘብ የተቀበልኩት የለም። ውሉን አልተቀበልኩትም፣ አላጸደቅሁትም። መሬቴን ለመረከብ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ።» አንዱን ለተከራዩ፣ አንዱን ለወንድምዎ፣ አንዱን ለወረዳው መሬት አስተዳደር፣ አንዱን ለቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ይስጡ። ለተከራዩ በሁለት ሰው ፊት ይስጡትና መቀበሉን በእርስዎ ቅጂ ላይ ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካለ ሁለቱ ሰዎች አልፈርምም ማለቱን ጽፈው ይፈርሙ። በሪኮማንዴ መላክም ይቻላል፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ማስረጃ ነው። በዚህ ሰሞን ባለው ሁኔታ የወረዳ ቢሮ ዝግ ሊሆን ወይም መንገዱ ላይመች ይችላል። እንዲህ ሲሆን ደብዳቤውን ደብረ ብርሃን ለዞኑ መሥሪያ ቤት አስገብተው ቀኑን ያስይዙ፤ ዋናው ነገር በጊዜ መካድዎ መታየቱ ነው።

ስለ ፊርማው የጻፉት ትልቅ ነገር ነው። ፊደል ነጣጥሎ መጻፍ የእጅ ልማድ ነው። አስመስሎ የሚጽፍ ሰው ግን እጁ በለመደው ይሄዳል። ፊርማ የሚመረምር ባለሙያ የሚያየው የፊደሉን መልክ ብቻ እንዳይመስልዎት። ብዕሩ የት ላይ ተነሣ፣ የት ላይ ከበደ፣ መስመሩ በአንድ ትንፋሽ የሄደ ነው ወይስ እያመነታ የተሳለ፣ ፊደሉ ከየት ተጀመረ የሚለውን ሁሉ ያያል። ይህ በፎቶ ኮፒ ላይ በደንብ አይታይም። ስለዚህ ዋናው ውል ማን እጅ እንዳለ ይወቁ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰም ዋናው እንዲቀርብ ትእዛዝ ይጠይቁ። ፍርድ ቤት ሲያዝ ምርመራው በፌዴራል ፖሊስ የፎረንሲክ ክፍል ይሠራል።

መርማሪው የሚያመሳክረው ከዚህ ክርክር በፊት ከፈረሟቸው ወረቀቶች ጋር ነው፤ ውሉ ከተጻፈበት ጊዜ የቀረቡት ደግሞ ይመረጣሉ። ቤትዎ ውስጥ ባይኖሩ በመሥሪያ ቤቶች አሉ። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ከአብቁተ፣ ተበድረው ከሆነ (አሁን ጸደይ ባንክ ሆኗል) የብድር ውሉ ላይ ፊርማዎ አለ። ማዳበሪያ የወሰዱበት የኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ፣ የጤና መድን መታወቂያ ያወጡበት ቅጽ፣ የልጆችዎ ትምህርት ቤት የምዝገባ ወረቀት፣ ደብረ ብርሃን የተከራዩበት ቤት ውል ሁሉ ይጠቅማሉ። ከአሁን በኋላ ፊርማዎን አይቀይሩ፤ ተናድደው «እንዳይመሳሰል» ብለው ሌላ ዓይነት ፊርማ ቢጀምሩ ነገሩን ያወሳስቡታል። አሻራም ተደርጎ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ አሻራን ማስመሰል ከፊርማ ይልቅ ከባድ ነውና።

የውሉንም ቀን ይዩት። በዚያ ቀን የት ነበሩ? ልጅ ሐኪም ቤት ወስደው ከሆነ ካርድ አለ፣ ትምህርት ቤት ስብሰባ ከነበሩ የተገኙበት መዝገብ አለ። ከዚያ ውሉ ላይ የፈረሙትን ምስክሮች ያግኙ። በጽሑፍ የሚደረግ ውል በሁለት ምስክር እንዲረጋገጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ (አንቀጽ 1727) ያዛል፤ እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም አበ ልጅ ናቸው፣ «እሷም ታውቃለች» ተብለው በቅንነት የፈረሙም ይኖራሉ። አንድ የሚከበር ሽማግሌ ይዘው ለየብቻ ያነጋግሯቸው። የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስፈርም አይተሃል?» አያስፈራሩ፣ ምን እንደሚሉም አይንገሯቸው። «አላየሁም» ካሉ በሽማግሌው ፊት ይድገሙትና ይጻፍ። ከሁሉ ማስረጃ የምመርጠው ይህን ነው፤ የፎረንሲክ ውጤት እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል፣ እውነተኛ ምስክር ግን ነገሩን እነዋሪ ላይ ሊጨርሰው ይችላል።

ተከራዩ ላይ አይክፉ፤ ካልተባበረ በቀር እሱም የተታለለ ሰው ነው። የእነዋሪን ዋልካ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ውሃው እንዲወርድለት ሰፋፊ መደብ እየተሠራ፣ አፈሩ በእጅ ሳይቀር እየታፈሰ፣ ቤተሰብ በሙሉ ወርዶ ነው ስንዴ የሚዘራው። ማዳበሪያውና ላቡ መሬት ውስጥ ነው። ተናድዶ ማሳው ላይ ከብት መልቀቅ ወይም ሰብሉን ማጨድ ከባድ ስሕተት ነው። መሬቱ በእጁ ስለሆነ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ሊከስዎት ይችላል፤ ያን ጊዜ ባለመብቷ ተከሳሽ ሆነው ይቆማሉ። እኔ የማየው ፍትሐዊ መንገድ ይህ ነው። የተዘራውን ሰብል ሰብስቦ፣ ወቅቶ፣ መሬቱን ያስረክብ። የቀሪውን አራት ዓመት ኪራይ ወንድምዎ ለተከራዩ ይመልስ። የዘንድሮውን ደግሞ ወንድምዎ ለእርስዎ ይክፈል። ይህ ሲጻፍ «ባለይዞታዋ የሚቀበሉት ለአንድ መኸር መሬታቸው በመያዙ የተከፈለ ካሣ ነው፤ ቀድሞ የተጻፈውን ውል ማጽደቅ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባበት። ያለዚህ ዓረፍተ ነገር ገንዘብ አይንኩ።

ስለ ልጆችዎ ያልጠየቁኝን ልናገር። መሬቱ የእርስዎና የሟች ባለቤትዎ ከነበረ በአባታቸው ድርሻ የልጆቹ መብት አለበት። እርስዎ እናታቸውም ሞግዚታቸውም ነዎት። የራስዎን ለወንድምዎ መተው ይችላሉ፤ የልጆቹን ግን ለመተው ሥልጣን የለዎትም፣ እንዲጠብቁላቸው ነው ኃላፊነት የተሰጠዎት። ሽማግሌዎቹ ፊት «ለወንድሜ እንዴት እጨክናለሁ» ብለው ሲጨነቁ ይህን ቢናገሩት ማንም ጨካኝ አይልዎትም፤ የሙት ልጅ ሀብት እንዳይነካ ማለት እኛ አገር የሚከበር ቃል ነው። ደግሞም ይዞታን ለረጅም ጊዜ ጥሎ መጥፋት መብት ሊያሳጣ እንደሚችል አይዘንጉ። «ለልጆች ትምህርት ደብረ ብርሃን ነኝ፣ መሬቴን አልተውኩም» የሚል ማመልከቻ ቀበሌው ጋ ይኑርዎት።

ወደ እርቁ ስንመጣ፣ ሽምግልናን እደግፋለሁ፤ በመሬት ክርክር ወንድምና እህት ሲካሰሱ ከፈረዱላቸው በኋላ እንኳ ለቅሶ ቤት የማይገናኙ ሆነው አይቻለሁ። ግን እርቁ በጽሑፍ ይሁን። ፊርማው የእርስዎ አለመሆኑን፣ ውሉ መቅረቱን፣ መሬቱ የሚመለስበትን ቀን፣ ገንዘቡን ማን ለማን እንደሚመልስ፣ ደብተሩ ወደ እርስዎ መመለሱን ይያዝ፤ ተከራዩም ይፈርምበት። ወንድምዎ «እኔ ነኝ የፈረምኩት» ብሎ እንዲጽፍ አያስገድዱት፤ ያ ወረቀት ነገ በወንጀል ክስ ሊቀርብበት ይችላል። «ፊርማው የእህቴ አለመሆኑን አውቃለሁ» የሚለው ለእርስዎ ጉዳይ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይቀበሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ «ወደ ኋላ ቀን ተጽፎ ውክልና ስጪውና ነገሩ ይለቅ» ይላል። ለእሱ ማዳኛ ይመስላል። ለእርስዎ ግን እውነቱን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው፤ መሬቱን ለአምስት ዓመት ያጣሉ፣ ባልነበረ ቀን የተጻፈ ሰነድ ላይ ፈርመውም ራስዎ ተጠያቂ ይሆናሉ። እናትዎ ለምነው ቢያለቅሱ እንኳ እምቢ ይበሉ።

ፖሊስ ጋ ስለ መሄድ። በሌላ ሰው ስም አስመስሎ መፈረም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 375 የሚታይ ወንጀል ነው፤ በሐሰት ሰነድ አታልሎ ገንዘብ መቀበል ደግሞ በአንቀጽ 692 ሊያስጠይቅ ይችላል። ሊያውቁት የሚገባዎት ግን እንዲህ ያለው ክስ የመንግሥት ክስ መሆኑን ነው። አንዴ ዐቃቤ ሕግ እጅ ከገባ «ታርቀናል፣ ይቅር» ብለው በፈለጉ ጊዜ የሚያነሡት አይደለም፤ ካሣ መክፈሉና መጸጸቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ክሱን የግድ አያስቀረውም። ስለዚህ ለማስፈራሪያ ብለው ፖሊስ ጣቢያ አይሂዱ። እንዲታሰር አለመፈለግዎ ስሕተት አይደለም፣ ማንም ፈሪ ሊልዎት አይገባም። ነገር ግን ፊት ለፊት «ፊርማው የአንቺ ነው» ብሎ ከካደ፣ ደብተሩን አልመልስም ካለ፣ በዚያው ደብተር ሌላ ውል ወይም ብድር እንደተደረገ ከሰሙ፣ ወይም ካስፈራራዎት ምርጫውን ያደረገው እሱ ነው፤ ያን ጊዜ ያመልክቱ።

እርቁ እምቢ ካለ የፍትሐ ብሔር ክሱ ለወረዳው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ተከራዩንም ወንድምዎንም አብረው ይክሰሱ፤ አንዱን ብቻ ቢከስሱ ሌላው «እኔ በሌለሁበት» ይላል። የሚጠይቁት ዳኝነት ውሉ በእርስዎ ላይ እንደማይጸና እንዲወሰን፣ መሬቱን እንዲረከቡ፣ ያጡት ገቢ እንዲከፈልዎት ነው። ክሱን ሲያቀርቡ መሬቱ ለሦስተኛ ሰው እንዳይተላለፍ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 እግድ ይጠይቁ። ክሱ ከተጀመረ በኋላም ከፍርድ በፊት መታረቅ ይቻላል፤ አንቀጽ 274 ይፈቅዳል፣ ስምምነቱም መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ውል ይፍረስልኝ ለማለትም (አንቀጽ 1810) ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ ለመጠየቅም (አንቀጽ 2143) የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሁለት ዓመት ጊዜ ያነሣል። ፈቃድ ያልነበረበት ውል ይህ ገደብ አይመለከተውም ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ እርስዎ ግን በዚያ ክርክር ላይ አይደገፉ፣ ከሁለቱ ዓመት ውስጥ ይግቡ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካነሰዎት የወረዳውን ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ደብረ ብርሃን ስላሉ ደግሞ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ።

ደብተሩን በተመለከተ፣ ሽማግሌ ልከው በእጅዎ ያስገቡት። አልሰጥም ካለ ለወረዳው መሬት አስተዳደር «ደብተሬ ያለፈቃዴ በሌላ ሰው እጅ ይገኛል፤ ባለይዞታዋ በአካል ካልቀረብኩ በዚህ ይዞታ ላይ ምንም ውል እንዳይመዘገብ» ብለው ይጻፉና ማኅደርዎ ውስጥ ይያያዝ፤ ምትክ ደብተር የሚወጣበትን ሁኔታም እዚያው ይጠይቁ። ሲመለስልዎት ገጾቹን አንድ በአንድ ይዩ፤ ያላወቁት ጽሑፍ ወይም ማኅተም ካለበት ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡና መቼና በማን እንደገባ ቢሮውን በጽሑፍ ይጠይቁ።